«ሎሚ አጋዥ» ብዬ የሰየምኩት ትል

ሰው «አላውቅም» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? የሌላውን እንጃ፤ እኔን ግን ስምንት ዓመት ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈጅቶብኛል። የማወራችሁ ስለዚያች ቅዳሜ ነው። ብትስቁብኝ ቅር አይለኝም፤ እኔም አሁን አሁን እየሳቅሁ ነው የማወራት። የዚያን ዕለት ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም ነበር።

የምሠራው አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስትሰሙ እንደ ሰፈሬ ሰዎች እንዳትሳሳቱ አደራ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል ውስጥ እከታለሁ፣ ስጠየቅ ፈልጌ አወጣለሁ። ስለ በቆሎ የማውቀው፣ የበቆሎ ፋይል በስተግራ ካለው መደርደሪያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ መቀመጡን ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ጋምቤላ መጥተው አቦቦ ወረዳ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተማርኩት ከእርሻ ለማምለጥ ነበር፤ አመለጥኩም።

ታዲያ ጋምቤላ ከተማ ቤት ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን፣ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝን ኮፍያ አድርጌ ስወጣ አንዲት ሴት ዶሮዋ እንደታመመችባት ነገረችኝ። «መዝገብ ቤት ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ኮፍያው ነው መሰለኝ ያሳሳተኝ፣ ጎንበስ ብዬ የዶሮዋን ዓይን አየሁና «ጥላ ሥር አድርጊያት፣ ንጹሕ ውኃ ስጪያት» አልኳት። ዶሮዋ ዳነች። ምነው ያኔ በሞተችልኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ «ባለሙያው» ሆንኩ። ፍየል ስታነክስ እኔ ነኝ፣ ማንጎ ፍሬውን ሲያረግፍ እኔ ነኝ። አንዴማ የማይሠራ ቴሌቪዥን አሳይተውኝ፣ እሱንም ጥላ ሥር እንዲያደርጉት መክሬአለሁ።

ጥፋቱ የሰፈሩ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ገበያ ውስጥ «ባለሙያው፣ እንዴት አደርክ!» ሲሉኝ ደረቴ ነፋ ይል ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። እዚያ የምጠራው «አንተ፣ ያ ፋይል የት ገባ?» ተብዬ ነው።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ሰውን ከግቢ የሚያባርርበት ወቅት ስለነበር ቶሎ ቶሎ ቲማቲሜን ውኃ አጠጣለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ያለው ጥቂት ቲማቲም፣ ጥቂት ጎመንና አንድ ሎሚ ነው። ሎሚው ግማሽ አካሉን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ለጎረቤቴ ለእማማ አጁሉ ሰጥቷል። እማማ አጁሉ ባሮ ወንዝ ዳር በቆሎ የሚዘሩ፣ ዓሣ አድርቀው የሚሸጡ፣ ራሳቸው ከአጥሩ በላይ የሚታይ ረጅም የአኙዋክ እናት ናቸው። የሦስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን አርየትን የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው፤ እናቷ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራ ላይ ስለሆነች የምትመጣው በወር አንዴ ነው።

«ባለሙያው!»

ቀና ስል እማማ አጁሉ አርየትን በብብታቸው ይዘው፣ በአጥሩ ላይ አንድ ነገር ያሳዩኛል።

«ይሄን እይ። አርየት ሎሚ ሥር ይሄን ይዞ አገኘሁ። አፉ ደግሞ አረንጓዴ ነው። በልቷል፣ አልበላም፣ እኔ አላየሁም። ይሄ ምንድን ነው? ይገድላል?»

በእማማ አጁሉ አማርኛ ሰው ሁሉ ወንድ ነው፤ እኔም፣ አርየትም፣ እሳቸውም ጭምር። የእኔ አኙዋክኛ ደግሞ ሰላም ብሎ ዓሣ ከመግዛት ስለማያልፍ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር የለኝም። ይልቅ መዳፋቸው ላይ ያለውን አየሁ። እንደ አውራ ጣት የወፈረ አረንጓዴ ትል ነው። ወገቡን በቡናማ መቀነት የታጠቀ ይመስላል፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ቁልጭ ብለው የሚያዩ የሚመስሉ ሁለት ዓይኖች ተሥለውበታል። ፀጉር የለውም። እንግዲህ አባ ጨጓሬ አይደለም ማለት ነው። የእኔ የትል እውቀት እዚህ ላይ ያበቃል፤ አባ ጨጓሬና የቀረው። በዚያ ላይ ትል እፈራለሁ። ከአባቴ ማሳ ካሸሹኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የልጅቷ ከንፈር አረንጓዴ ነው። እማማ አጁሉ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«አይዞዎት እማማ። ይሄ ሎሚ አጋዥ ይባላል። ለዛፉ ጠቃሚ ነው፣ ሰው አይጎዳም።»

ሎሚ አጋዥ! ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። «አጋዥ» ስል ደግሞ ግማሽ ቅጠሉ ተበልቶ የተራቆተው የሎሚ ቅርንጫፍ ከአፍንጫዬ ፊት ተንጠልጥሎ ነበር። እማማ አጁሉ ግን በረዥሙ ተነፈሱና የልጅቷን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ትሉን አሮጌ ጣሳ ውስጥ ጥለው ወደ ዓሣቸው ተመለሱ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። አርየት ስታስመልስ ከጓሮዬ ሆኜ ሰማሁ። አንዴ፣ ቀጥሎ ሌላ። የውኃውን ጎማ ቲማቲሙ ላይ እንደለቀቅኩት ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

የማዕዘኑ ባለሱቅ ሰይድ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ ለሰፈሩ ነገር ሁሉ ሱቁን ትቶ ቀድሞ የሚደርስ። «እማማ፣ አረንጓዴ ነው እኮ የምታስመልሰው! ኧረ ባስቸኳይ ሐኪም ቤት ይውሰዷት!» ሲል በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

«ለምን?» አሉ እማማ አጁሉ። «ባለሙያው አይጎዳም ብሏል።»

በልጅቷና በሐኪም ቤቱ መካከል የቆመው ርቀት አይደለም፣ ትራንስፖርት አይደለም፤ የእኔ ቃል ነው። እየሮጥኩ ዞሬ ግቢያቸው ገባሁ።

«እማማ፣ ለማንኛውም ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው፤ ለጥንቃቄ ያህል።»

«አንተ አይደለህም አይጎዳም ያልከው?»

«ነኝ። አይጎዳም። ግን…»

«ግን ምንድን ነው? ይጎዳል ወይ አይጎዳም? እኔ ሄጄ ብውል ዓሣዬን ጭልፊት ይወስዳል።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አይ እኔ! ልጅ እያስመለሰች ክብሬን የማድንበት መንገድ እፈልግ ነበር። መንገዱም ታየኝ። የመሥሪያ ቤታችን እውነተኛ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጋትሉዋክ ነው። ቶሎ ብሎ ትሉ ደህና መሆኑን ከነገረኝ ቃሌ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ መጥፎ ነው ካለኝም «አዲስ መረጃ ደረሰኝ» እላለሁ። ትሉን በጣሳው እንዳለ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ጋትሉዋክ ግን ያን ሰሞን አልዌሮ ግድብ አካባቢ ለሩዝ ሥራ ወርዷል፣ ኔትወርክ የሚያገኘው ደግሞ ግድቡ አናት ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ስጠብቅ አርየት ለሦስተኛ ጊዜ አስመለሰች።

መልሱ መጣ። «ምን ተክል ላይ ነው ያገኘኸው?»

«ሎሚ።»

ሰው በዚህ ሰዓት ያስጠብቃል?

«ጀርባውን ጫን አድርገህ ንካው። ቀንድ ያወጣል ወይ?»

ቀንድ! ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ቀጭን ጭራሮ ሰብሬ፣ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ፣ ክንዴን ዘርግቼ ነካሁት። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ግማሽ ከቦን ቆሟል። ትሉ አንገቱን ሰበቀና ከግንባሩ መካከል እርጥብ፣ ብርቱካናማ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ነገር ዘረገፈ። የበሰበሰ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሽታ አፍንጫችንን መታን። ጣሳው ከእጄ ወደቀ።

«አዑዙ ቢላህ! ምላሱን አወጣ!» ብሎ ሰይድ ወደ ኋላ ዘለለ። «ይሄ ትል አይደለም፣ የእባብ ልጅ ነው! ዓይኑን አታዩትም? ዛፉ ላይ ስንት አለ ጎበዝ?»

ሰው ሁሉ ሎሚውን ቀና ብሎ አየ። እማማ አጁሉ ብቻ ሎሚውንም ትሉንም አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

«አጋዥ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ስልኬን አየሁ። «ቀንድ አወጣ» ብዬ ብልክለትም መልእክቱ አልሄደም። ጋትሉዋክ ከግድቡ ወርዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አርየት በሴት አያቷ ትከሻ ላይ ጭንቅላቷን ጣለች፤ ዓይኗ ተከደነ። ተኛች ወይስ ሌላ ነገር ነው?

«እማማ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም።»

«ምን?»

«መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ወረቀት ነው የማስቀምጠው። ትሉን አላውቀውም። ስሙንም ያወጣሁለት ራሴ ነኝ።»

የሚጮኹብኝ መስሎኝ ነበር። ቢጮኹ በወደድኩ። አርየትን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አሥረው ወጡ። ሰይድ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቃል። እኔም ሳልጠራ ተከትዬ ከሹፌሩ አጠገብ ተለጠፍኩ። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እየዞርኩ የልጅቷን ደረት አያለሁ። ይነሳል፣ ይወድቃል። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መነሳቱ ከልጅቷ ይሁን ከመንገዱ ይጠፋብኛል።

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ነርስ ወጣት ነበረች። ልጅቷን ቀሰቀሰቻት፣ ዓይኗን አየች፣ ትንፋሿን አዳመጠች። አርየት ተነጫንጫ መልሳ ተኛች። ትሉ እንዴት ያለ እንደሆነ በሁለት እጄ እያሳየሁ ነገርኳት።

«እኔ እንዲህ ያለ ትል አላውቅም» አለች።

በአንድ ትንፋሽ! ሰማይ አልተደፋባትም፣ ማንም አልሳቀባትም። እኔ ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን እሷ ጓንቷን እያጠለቀች አስቀመጠችው። ቀጥላም ጠየቀች።

«ዛፉ ላይ መድኃኒት ተረጭቷል?»

እዚህ ላይ ከእናንተም የደበቅኩት ነገር አለ። ረቡዕ ዕለት ቲማቲሜን ነጭ ዝንብ ስላስቸገረብኝ፣ የተባይ መድኃኒት በጥብጬ በእጅ መርጫ ረጭቼ ነበር። ባለሙያ አይደለሁ? ቲማቲሙን ጨርሼ ወደ ሎሚው ስዞር ስልክ ተደወለልኝ። ከስልኩ በኋላ ሎሚውን ረጨሁት ወይስ መርጫውን አጥቤ ሰቀልኩት? ብዙ አሰብኩ። ስልኩን ትዝ ይለኛል፣ የደወለልኝን ሰው ትዝ ይለኛል፣ ያወራነውን ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው።

«ተረጭቷል?» አለች ነርሷ ደግማ።

«አላውቅም» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለው እንዲህ ይመራል ብዬ አልጠበቅሁም።

እማማ አጁሉ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ነርሷ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ባስቸኳይ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ከበሩ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ጋትሉዋክ ግድቡ ላይ ተመልሶ ወጥቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? ቢራቢሮ ነው እኮ! የዚህ ዓይነቱ ቢራቢሮ ሎሚና ብርቱካን ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ያ ቀንድ ወፍ ማስፈራሪያ ነው፤ ከሽታው በቀር ምንም የለውም።»

ትሉ ንጹሕ ነው! ተጠርጣሪው እኔ ብቻ ቀረሁ። የረቡዑን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«ረጭተኸው ከሆነ ትሎቹ ይነግሩሃል» አለኝ። «መርዝ የነካው ትል መጀመሪያ የሚያቆመው መብላቱን ነው። ጣሳ ውስጥ ያየኸው አይበቃም፤ ዛፉ ላይ ያሉትን እይ። እየበሉ ከሆነ ቅጠሉ ደህና ነው ማለት ነው። ጠርሙሱን ግን ያም ሆነ ይህ ውሰድላቸው!»

ዕድሜዬን ሙሉ ትል ስሸሽ የኖርኩ ሰውዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ሁለት እጄን አጣብቄ ለትል ጤና ጸለይኩ። አምላኬ ሆይ፣ ይብሉልኝ! ሎሚውን ይጨርሱት፣ ጎመኑንም ይድገሙት፣ ብቻ ይብሉልኝ!

ግቢዬ ስደርስ ጭስ አየሁ። ሰይድና ሁለት ጎልማሶች ሎሚዬ ሥር እሳት አንድደዋል። ሰይድ ረጅም ዱላ ይዟል።

«ሰይድ! አቁም! ምን እያደረግህ ነው?»

«እባቦቹን እየጨረስንልህ ነው!» አለኝ ፊቱ በላብ እየታጠበ፣ ምስጋናዬን እየጠበቀ። «ስድስት ነበሩ። አምስቱን አቃጥለናል።»

«ስድስተኛውስ?»

«ላይ ነው፣ ዱላው አልደረሰልንም። አይዞህ፣ አሁን ቅርንጫፉን…»

ዱላውን ቀምቼ ወረወርኩና ሎሚው ላይ ወጣሁ። ሎሚ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እሾሁ ክንዴን፣ አንገቴን፣ መቀመጫዬን ሳይቀር ለቀመኝ። በእኔ ግቢ በኩል ባለው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነበር፤ ረቡዕ ረጭቼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምረጨው ያንን ቅርንጫፍ ነው። ትሉ ቅጠል ላይ ተኝቷል። አይንቀሳቀስም።

ጠበቅሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው። ሰይድ ከታች «ውረድ፣ ይነድፍሃል!» ይላል። ትሉ አይንቀሳቀስም። «ብላ» አልኩት። በሹክሹክታ ነበር የጀመርኩት፣ በኋላ ግን ጮክ ብዬ እለምነው ነበር። «ብላ እንጂ ጌታዬ! ብላ በእናትህ!»

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ጭሱ ወደ ሌላ ዞር ሲል ትሉ አንገቱን አነሳ፣ የቅጠሉን ጠርዝ ያዘና ከላይ ወደ ታች ይከረክመው ጀመር። አንድ ረድፍ ጨርሶ ወደ ላይ ተመለሰ። ሁለተኛ ረድፍ። ሦስተኛ።

«እየበላ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሰይድ፣ እየበላ ነው!»

ሰይድ ከአሁን በኋላ ሐኪም የሚያስፈልገው ለእኔ እንደሆነ ለጎልማሶቹ ሲነግራቸው ሰማሁ። ቅርንጫፉን ገንጥዬ፣ ጠርሙሱን ኪሴ ከትቼ፣ ትሉ በመንገድ ላይ ከቅጠሉ ወድቆ እንዳይጨፈለቅ በመዳፌ ደግፌ ያዝኩት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። መፍራት እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ባጃጁ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው።

ነርሷ የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበበች፣ ልጅቷን ደግማ መረመረች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላውንም ትል አየች። የመመረዝ ምልክት አላገኘችባትም። ለማንኛውም እስከ አሥር ሰዓት እዚያው እንድትቆይ አደረገች። ብዙም ሳይቆይ አርየት ነቃች። ትሉን ስታይ በደስታ ጮኸችና እጇን ዘረጋች። እማማ አጁሉ በአኙዋክኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ ልጅቷም ረዘም አድርጋ መለሰች። እማማ አጁሉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ትሉን አልበላም» አሉ። «ቅጠሉን ነው። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ እያለ አብረው ቁርስ በሉ።»

በባዶ ሆድ የታኘከ የሎሚ ቅጠል ትልቅ ሰውንም ያስመልሳል አለች ነርሷ። ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። በሚያልፈው ሰው አፈርኩ፣ ግን አላቆመም።

አሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ አርየት መሐላችን ተቀምጣ ቅርንጫፏን ይዛለች። እማማ አጁሉ መንገዱን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ሄዱ። የግቢያቸው በር ላይ ወርደው ልጅቷን ካስገቡ በኋላ ዞር አሉ።

«አንተ ሥራህ ምንድን ነው አልክ?»

«ወረቀት አስቀምጣለሁ እማማ። ሰው ሲጠፋበትም ፈልጌ አገኛለሁ።»

የበሩን እጀታ ያዙ።

«እሺ» አሉ። «ወረቀት ሲጠፋብኝ እጠራሃለሁ።»

በሩን ዘጉ። ይኸው ሁለት ክረምት አልፏል፤ እስካሁን ምንም ወረቀት አልጠፋባቸውም።